ይማርዎ የተከለከለባት አገር

በድሮ ዘመን፣ ጅብ እንኳ ዐቢይ ጾምን ይጾም በነበረበት ዘመን፣ ድፋባቸው የሚባል ዳኛ ነበር። ጨካኝ ነው። ደግሞ ያስነጥሰዋል። እሱ ሲያስነጥስ ልጆቼ፣ ዶሮ ከቆጥ ይወድቃል፣ አህያ ጭነቷን ጥላ ትሮጣለች፣ ማዶ ያሉት ቄስ ቅዳሴ ይስታሉ።

ግን ማንም አይስቅም። ደጁ ካለው ወይራ ላይ ገመድ ጠፍቶ አያውቅም።

በረሃብ ዘመን ደብሪቱ የምትባል መበለት ከዳኛው አውድማ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግና ተያዘች።

“ትሰቀል” አለ።

ልጇ እግሩ ላይ ወደቀች። “ከአፍ የወጣ አፋፍ” አላት። ደብሪቱ ተሰቀለች።

ሬሳዋ ገና ሲወዛወዝ ዳኛውን አስነጠሰው። አሽከሩ ማንደፍሮ እናቱ እንዳስለመደችው “ይማርዎ” አለ።

ዳኛው ዞሮ አየው። “ምን በድዬ ነው የምማረው?”

“ኧረ ጌታዬ፣ ለንጥሻው ነው።”

“ምሕረት ለወንጀለኛ ነው። ወንጀለኛ አልኸኝ። ይሰቀል። ከዛሬ ጀምሮ ይማርዎ ያለኝ ሁሉ ይሰቀላል።”

ቄሱ ለመኑት። “ከአፍ የወጣ አፋፍ” አላቸው። ማንደፍሮም ተሰቀለ። ዳኛው የሁለቱንም ሬሳ ማንም እንዳያወርድ አዘዘ።

በዚያ አገር ጫኔ የሚባል ቀልደኛ ገበሬ ነበር። በሬው ሲለግም በምላሱ ነበር የሚያርሰው። ጫኔ በጠራራ ፀሐይ ማጭዱን ይዞ መጣ፣ ገመዱን ቆረጠ፣ ሁለቱንም ቀበራቸው።

“ይሰቀል” አለ ዳኛው። ጫኔ አልለመነም። የልመናን መልስ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ገመዱ አንገቱ ላይ ገባ።

“የምትለው አለህ?” አለው ዳኛው።

“ቃል እንኳ የለኝም፤ ሱረት ግን አለችኝ። እሷን ሳልስብ ብሞት ነፍሴ መንገድ ላይ ታዛጋለች።”

እጁን ፈቱለት። የሱረቱን የትንባሆ ዱቄት መዳፉ ላይ አፈሰሰ። ነፋሱ ከጀርባው ወደ ዳኛው ይነፍሳል። እፍ አለባት።

ዳኛው አንዴ አስነጠሰ። ዶሮ ወደቀ። ደገመ። አህያ ሮጠች። ሠለሰ። ወይራው ቅጠሉን አራገፈ።

ሕዝቡ አፉን በነጠላው ያዘ። ጫኔ ብቻ፣ “ይማርዎ” አለ።

ዳኛው ዐይኑ በእንባ ተሞልቶ፣ አፍንጫውን እንደያዘ፣ ከልጅነቱ የለመደው ቃል አመለጠው።

“ያኑርህ።”



“ሰማችሁ?” አለ ጫኔ። “ያኑርህ ብለውኛል።”

“አፌ ስቶ ነው” አለ ዳኛው።

ቄሱ ቀረብ አሉ። “ጌታዬ፣ የደብሪቱ ልጅ ስትለምንዎ ምን አሏት?”

 ሕዝቡ መለሰ። “ከአፍ የወጣ አፋፍ።”

ገመዱ ከጫኔ አንገት ወለቀ።

ክረምት ሲገባ ዳኛው አልጋ ላይ ወደቀ። ባስነጠሰ ቁጥር ዙሪያውን ያያል። ሚስቱ ዝም። አሽከሮቹ ዝም። ዶሮዎቹም ዝም።

“እባካችሁ፣ ይማርህ በሉኝ” አለ።

“እንፈራለን ጌታዬ። ገመዱ ገና ወይራው ላይ ነው።”

ጫኔ ሰምቶ መጣ። ደጅ ላይ የደብሪቱ ልጅ እጁን ያዘችው።

“አትበለው አያ ጫኔ። እናቴን አልማራትም።”

በምላሱ የሚያርሰው ሰውዬ አሁን አልቀለደም። “እኔም እኮ የምኖረው ከአፉ ባመለጠች አንዲት ቃል ነው” አላትና ገባ።

“ይማርዎ” አለው።

ዳኛው አፉን ከፈተ። “ያኑ…” አለ። ቀሪዋን ሳይጨርሳት ሞተ።

ቀባሪ ጠፋ። ጫኔ ከደብሪቱና ከማንደፍሮ አጠገብ ቆፈረለት። ልጅቷ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ብዙ ቆመች። በመጨረሻ አንድ እፍኝ አፈር ዘግና ጣለችበት። ይማርህ አላለችም። አፈሩን ግን ጣለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እግዜር ፊት ስንቆም ሁላችንም ይማርህ የሚለን እንፈልጋለን። ለሰው የነፈጋችኋትን ቃል ያን ቀን ከየት ታመጧታላችሁ? ሳይመሽ ማሩ።

ተረቴም አስነጠሳት። ይማርሽ በሏት፣ እናንተንም ያኑራችሁ።