ረሃብተኛን የተረጎመው ጃርት

ይህን የሰማሁት ስንዴ ለመቀበል ሰልፍ ላይ ሳለን ነው። ከፊታችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ናቸው የነገሩን። ዓመቱን አልናገርም። ስንዴው ደረሳችሁ ወይ ብላችሁም አትጠይቁኝ። ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ።

ድሮ፣ ዝናብ አገሩን ረስቶ በሄደበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ እንስሳት ሁሉ ተራቡ። ሣሩ አለቀ፤ ቅጠሉ አለቀ። በመጨረሻ ለሐሜት እንኳ ጉልበት ጠፋ።

ወሬው ከወንዝ ማዶ ደረሰና ዝሆኖች አዘኑ። አንድ ዋሻ የሚሞላ ማሽላ ላኩ፤ ከንጉሡ ከአንበሳም ጋር ተዋዋሉ። ውሉ አጭር ነበር፦ «እህሉ ለረሃብተኛ ይሰጥ። ከረሃብተኛ የተረፈው ለጠባቂው ይሁን።» የዝሆኖቹ መልእክተኛ እግሩን አንስቶ ማኅተም አደረገበትና ተመለሰ።

አንበሳ እህል አይበላም፤ ነገሩ ብዙም አልከነከነውም። «ጽሕፈት የሚያውቅ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ጃርት ከጀርባው አንድ እሾህ ነቀል አደረገ። «ጌታዬ፣ እኔ ከነብዕሬ ነው የተወለድኩት» አለ። ወዲያው ጸሐፊም ጠባቂም ሆኖ ተሾመ።

ጃርት ውሉን አነበበ። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ ውሉ ረሃብተኛ ይላል። ረሃብተኛ ማለት ግን ማን ነው? ካልተተረጎመ እኮ የራበው ሁሉ ይመጣል!»

አንበሳ አዛጋ። «እንግዲያ ተርጉመዋ!» አለና የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ ለንጉሥ ብቻ ወደተከለለው፣ ውሃ ወዳለበት ሸለቆ ወረደ።

በማግስቱ ጃርት ዋሻው በር ላይ ተቀመጠ። ነቀል አደረገ፤ ጫር ጫር አደረገ። «ረሃብተኛ ማለት የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ነው» ብሎ ጻፈ።

መጀመሪያ ከርከሮ መጣ።

«አያ ጃርት፣ ሦስት ቀን አልበላሁም።»

«ጎድንህ አይቆጠርም።»

«ቆዳዬ ወፍራም ሆኖ እኮ ነው!»

«ውሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ቀጣይ!»

ጉሬዛ መጣ። «ጠጉርህ ጎድንህን ሸፍኖታል። ተላጭተህ ና» ተባለ።

«ምላጭ ከየት ላምጣ?»

«ውሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ቀጣይ!»

ኤሊ እየተንፏቀቀች ደረሰች። «የአንቺስ ጎድን የታለ?»

«ከድንጋዩ በታች ነው፣ ጌታው። እመኑኝ።»

«በእምነት የሚሰጠው ጸበል ነው። ቀጣይ!»

ሲመሽ ጃርት የተረፈውን በላ። ለማንም ስላልተሰጠ ሁሉም ተርፎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አህያ መጣች። የእሷ ጎድን ከሩቅ ይቆጠራል። ጃርት አየት አደረጋትና ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ፈገግ አለ። ነቀል አደረገ፤ ጫር ጫር አደረገ።

«እመት አህያ፣ ውሉ ተሻሽሏል። ረሃብተኛ ማለት የጎድን አጥንቱ ተቆጥሮ፣ በተጨማሪም መቆም ያቃተው ነው። አንቺ ቆመሻል።»

«ለእኔ አይደለም የመጣሁት። ውርንጭላዬ ቤት ወድቋል። ጡቴ ከደረቀ ሰነበተ። መቆም አልቻለም።»

«እሱ ይገባዋል። ራሱ ቀርቦ ይጠይቅ።»

«መቆም ያቃተው እንዴት አድርጎ ይመጣል?»

«እሱን ውሉ አይልም። ቀጣይ!»

ከኋላዋ ግን ማንም አልነበረም። በዚያ አገር ነገሩ ለሁሉም ገብቶታል፦ ቆሞ የመጣ አልተራበም፤ ያልመጣም አልጠየቀም።

አህያ ወደ ቤቷ ሄደች። ከርከሮና ጉሬዛ ውርንጭላውን አንስተው ጀርባዋ ላይ ጫኑላት። ጭነት ለእሷ ብርቅ አይደለም፤ ይህኛው ግን ቀለለባትና አስፈራት። ይዛው ዋሻው በር ላይ ደረሰች።

«ይኸው። ጎድኑ ይቆጠራል። መቆም አልቻለም። መጥቷልም።»

ጃርት ጀርባውን አከከ። ነቀል አደረገ፤ ጫር ጫር አደረገ።

«የመጣው በእናቱ እግር ነው። ረሃብተኛ ማለት በራሱ እግር የመጣ ነው። አዝናለሁ፣ እመት አህያ። ውሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

አህያ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ከዚያ ገደሉ እስኪያስተጋባ ድረስ፣ «በሕግ አምላክ!» አለች።

በዚያ አገር ይህ ቃል ከተጠራ የሮጠ ይቆማል፤ የዘለለም አየር ላይ ይቀራል ይባላል። ጃርትም ብዕሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ሥርዓቱ ቁራኛ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡም አንዱ ያልቀመሰውን ሌላው አይቀምስም። ከርከሮ ሁለቱን በሐረግ አቆራኛቸውና ሥርዓቱ እንዳይፈርስ ከኋላ ተከተለ። አህያ ልጇን አዝላ፣ ጃርትን አስከትላ፣ ወደ ሸለቆው መንገድ ጀመረች።

በመጀመሪያው ቀን ጃርት ሕግ ሲጠቅስ ዋለ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አጭር እግሩ ታጠፈና ወደቀ።

«እመት አህያ፣ ቁሚ! ራበኝ!»

«ራበኝ ትላለህ እንዴ? የሚናገር ተርቧል?»

«የእውነቴን ነው! ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቋል!»

«ልጄ እየሞተ እንዴት ልቁም? መንገዱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ አያ ጃርት» አለችና ጎተተችው።

እንደ እምቧይ ፍሬ እየተንከባለለ ቁልቁለቱን ወረደ። በየድንጋዩ እሾሁ ረገፈ። ሸለቆው ሲደርሱ ለመጻፊያ የሚሆን አንድም አልቀረለትም፤ የቀረው ከታጨደ ማሳ እንደሚቀር የቆመ የእሾህ ጉቶ ብቻ ነው።

አንበሳ ከእንቅልፉ ነቃ። ጃርት ከወደቀበት ሳይነሳ፣ «ጌታዬ፣ እህል! ራበኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ረሃብተኛ ነው እንዴ?» አለ አንበሳ።

«በውሉ ይታያ» አለች አህያ። ጽሕፈት አታውቅም፤ ደጋግሞ ሲነበብባት ግን በቃሏ ይዛዋለች። «አንደኛ፣ ጎድኑ የሚቆጠር።»

አንበሳ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። የጃርት ጎድን ከጉቶው ሥር አልታየም። «አይቆጠርም» አለ።

«ሁለተኛ፣ መቆም ያቃተው።»

«ይኸው አቅቶኛል!» አለ ጃርት።

«ሦስተኛ፣ በራሱ እግር የመጣ።»

ሁሉም ወደ ሐረጉ ተመለከተ። 

«ታዲያ በዚህ ውል እስካሁን የበላ ማን ነው?» አለ አንበሳ።

«ጸሐፊው» አለ ከርከሮ።

አንበሳ ሊያዛጋ ጀምሮ ተወው። «ሐረጉ ይፈታ። ውርንጭላውን አውርዳችሁ ከወንዙ ዳር ለምለሙን አብሉት። ዋሻውም ይከፈት፤ ራበኝ ያለ ሁሉ ይብላ። የተረፈው እንደ ውሉ ለጠባቂው ነው።»

«እኔም ራበኝ ብያለሁ እኮ፣ ጌታዬ!»

«አንተ ጠባቂው ነህ» አለ አንበሳ። «ውሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ውርንጭላው ለምለሙን ሲያላምጥ ዋለ። ማታውን በራሱ እግር ቆመ።

ከዚያ ወደ ዋሻው ተመለሱ። ከርከሮ በላ፤ ጉሬዛ ሳይላጭ በላ፤ ኤሊም ጎድኗን ሳታሳይ በላች። ጃርት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚተርፈውን ጠበቀ። ሁሉም ሲወጡ ገብቶ መሬቱን ላሰ። አህያ አንድ የማሽላ ዘለላ ጥላለት ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን «ምን ታድርግ፣ አህያ ናት» አሉ። ለሙገሳ ይሁን ለስድብ ዛሬም አልገባኝም። አንበሳውን፣ ያን ጊዜ ለምን አዛጋህ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ጃርት ከዚያ ወዲህ እህል ካለበት በር አይቆምም ይባላል፤ ከሥር ቆፍሮ ይገባል። እኔ የተሰጠኝን ተረት ለእናንተ አድርሻለሁ፤ እናንተም ስታደርሱ ለማን ይገባል ብላችሁ አትምረጡ።

ለሰው ያጠበቡት በር ለራስ አይሰፋም።