ለኋላ የተባለችው ጠጠር

አንድ ጊዜ በአንድ አፋፍ ላይ የሚኖሩ እንስሳት ክረምት ሳይገባ ለልጆቻቸው የጋራ ቤት ሊሠሩ ተሰበሰቡ። ደንባቸው እንዲህ ነበር፤ ቤቱ ይህ ይኑረው የሚል ሁሉ የሚፈልገውን ተናግሮ አንዲት ጠጠር ከሽማግሌው ከበሬ እግር ሥር ያኖራል። ጠጠር ያለው ይሠራል፤ የሌለው ይቀራል።

በጓ ግርግም አለች። ፍየሏ መስኮት። ዶሮዋም ቆጥ ብላ ጠጠሯን በአፏ አምጥታ አኖረች። በመጨረሻ አህያ መጣች። ባለፈው ክረምት አንድ ውርንጭላዋን ጅብ ከክፍት ቤት ጎትቶ ወስዶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብቻዋ ትግጣለች፤ ወንዝም ለብቻዋ ትወርዳለች።

«እኔ መቀርቀሪያ እላለሁ» አለች። «እሱም አሁን ነው። የበሩ መቃን ሳይተከል ቀዳዳው ካልተበሳ ኋላ አይሆንም።»

ቀበሮ ጅራቷን ጠቅልላ ተቀምጣ ዶሮዋን ታይ ነበር። «እትዬ አህያ» አለች ለስለስ ብላ፤ «ይቀርቀር ስትይ ከመካከላችን ሌባ አለ ማለትሽ ነው?»

«ሌባ አላልኩም። ያልኩት በር ነው።»

«እኔን ከሆነ ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ከአገር ልውጣላችሁ።»

በጓ አፈረች። ፍየሏ አህያን ገላመጠቻት። በሬውም ራሱን ነቅንቆ፥ «እትዬ፥ ሐዘንሽን እናውቃለን» አለ። «ዝናቡ ግን ደረሰብን። ቤቱ ይለቅ፤ መቀርቀሪያው ለኋላ ይጨመራል።» ጠጠሯንም በሰኮናው ገፋ አድርጎ እዚያው አጠገብ ካለ የሾላ ዛፍ ሥር ለብቻዋ አኖራት።

«ኋላማ ግድግዳ ማፍረስ ሊሆን ነው፥ አያ በሬ» አለች አህያ።

ቤቱ አለቀ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ምርጊቱ ሲደርቅ አህያ ደግማ ጠየቀች። ፍየሏ ቀዳዳ ልትበሳ መቃኑን በቀንዷ ብትወጋው ጭቃው ተንዶ ወረደ። «ቤታችንን ልታስፈርሺብን ነው እንዴ?» አሏት ሁሉም አህያን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ፈሪዋ» ሆነ፤ ግጦሽ ሲወጡም «ነይ» የሚላት ጠፋ። እሷም ከልጆቹ ጋር ቤት ትውላለች። በመስኮቱ አሻግራ ጠጠሯን ታያለች፤ ከእሷ ሌላ የሚያያት አልነበረም።

በነሐሴ አንድ ቀን አገሩን ጉም ዋጠው። እናቶች እንደወጡ ቀበሮ ወደ ጅብ ጎሬ ወረደች።

«አያ ጅቦ፥ በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ጫጩቶቹ የእኔ፥ የቀረው ያንተ።»

ጅብ የሰማው «የቀረው ያንተ» የሚለውን ብቻ ነው። ሮጦ መጥቶ በሩን ገፋው። በሩ ትንሽ ገባ አለና ቆመ። አህያ ኮቴውን ሰምታ በውስጥ በኩል ጀርባዋን አስደግፋው ቆማ ነበር።

«ማነው?» አለ ጅብ።

«መቀርቀሪያው ነኝ።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ደግሞ ያደክመዋል። «መቀርቀሪያ የለም ተብያለሁ። ቢኖርስ፥ መቀርቀሪያ ያወራል እንዴ?»

«ሲረሱት ያወራል።»

«እስከ መቼ ነው የምትቆዪው?»

«እናቶቻቸው እስኪመጡ።»

ጅብ አፉን በክፍተቱ አስገብቶ የኋላ እግሯን ነከሰ። ግልገሎቹ ከግርግሙ ሥር አንድ ላይ ተጣበቁ። አህያ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ጉልበቷ የሚያልቅ መሰላት። «ጌታዬ፥ ባለፈው ዓመት አልደረስኩም» አለች በልቧ። «ዛሬ ግን ደርሻለሁና አቁመኝ።» ጅብ ነከሰ፥ ገፋ፥ ደግሞ ነከሰ። እግዚአብሔርም ጉሙ እስኪገፈፍ አቆማት።

የበሬው ኮቴ ሲሰማ ጅብ አፉን እየላሰ ፈረጠጠ። ቀበሮም ከተደበቀችበት ከሾላው ጀርባ ወጥታ ከዚያ አገር ጠፋች። በሩን ሲከፍቱ አህያ ወደቀች። ልጆቹን ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም።

በማግስቱ በሬው ጠጠሯን ራሱ አምጥቶ ከሌሎቹ መሐል አኖራት። ግድግዳው ፈረሰ፤ ልጆቹን ሁለት ሳምንት ዝናብ መታቸው፤ መቃኑ ተበስቶ እንደገና ተተከለ። መቀርቀሪያው ገባ።

አህያ ዳነች፤ ግን አነከሰች። ከዚያ ወዲህ «ፈሪዋ» የሚላት አልነበረም። ነገር ግን ስታነክስ ባዩ ቁጥር ስለሚያፍሩ፥ መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። እናም ያው እንደ ድሮው ለብቻዋ ትግጣለች። ሲመሽ እያነከሰች ወደ በሩ ትሄድና መቀርቀሪያውን በከንፈሯ ገፋ አድርጋ ትፈትነዋለች። «ተመስገን» ብላም እዚያው ደጃፉ ላይ ትተኛለች።

ከዚህ የምንማረው ቤት ሲታሰብ መቀርቀሪያውም አብሮ ካልታሰበ፥ ኋላ በእሱ ፈንታ የሚቆመው የአንድ ምስኪን ገላ መሆኑን ነው።