የአህያዋ ጉልበትና የሁለቱ ወጌሾች ቁጥር

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳርና ዳር ሁለት ወጌሾች ይኖሩ ነበር። ከወዲህ ማዶ እመት ጦጢት፣ ከወዲያ ማዶ ጋሽ ሽመላ። የወለቀ ይመልሳሉ፣ የተሰበረ ይጠግናሉ፤ ሁለቱም ሙያቸውን አሳምረው ያውቃሉ።

አንዲት አህያ ቁልቁለት ስትወርድ ድንጋይ አንሸራተታትና የፊት እግሯ ጉልበት ወለቀ። እያነከሰች እመት ጦጢት ዘንድ ሄደች። ጦጢት ጉልበቷን ዳብሳ ወደ ቦታው መለሰችውና በልጥ አሰረችላት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይድናል። ግን እንዳይደርቅ በየጠዋቱ መታጠፍ አለበት። እኔ ነገ ልጆቼን ለመጠየቅ ወደ ጫካው እሄዳለሁ። አንቺ ጋሽ ሽመላ ዘንድ ሂጂና ‹ሁለት ላይ እጠፍልኝ› በይው።»

እመት ጦጢት ስትቆጥር ቀጥ ያለ እግር ዜሮ ነው፤ ጨርሶ የታጠፈ አሥር። ሁለት ማለት ለእሷ ትንሽ ብቻ ማጠፍ ነበር።

በማግስቱ አህያዋ ወንዙን ተሻግራ የተባለችውን ሳታዛንፍ ተናገረች።

«ሁለት? እርግጠኛ ነሽ?» አለ ጋሽ ሽመላ።

«በእነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት፣ ጋሼ።»

ጆሮዎቿን አየና አመናት። እሱ ግን የሚቆጥረው ከሌላው ጫፍ ነው፤ ለጋሽ ሽመላ ጨርሶ የታጠፈ እግር ዜሮ፣ ቀጥ ያለው አሥር ነው። ሁለት ላይ ለመድረስ ጉልበቷን አጥብቆ አጠፈው። አህያዋ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮኸች። ጉልበቷ ወዲያው አብጦ ዱባ አከለ።

እመት ጦጢት ገና መንገድ ልትጀምር ስትል ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ምን አደረግካት?»

«አንቺ ያልሽውን!»

«እኔ ሁለት ነው ያልኩት!»

«እኔስ ስንት ላይ አጠፍኩት? ሁለት ላይ!»

ጦጢት በራሷ ክንድ ሁለትን አሳየችው፤ እሱም በራሱ እግር አሳያት። ያኔ ነገሩ ገባቸው። ገባቸው እንጂ አልተስማሙም። «እናቴ ያስተማረችኝ ይኼንን ነው» ትላለች እሷ። «ስንቱን ያዳንኩት በዚህ ነው» ይላል እሱ።

ለካስ ጩኸቱን አያ ጅቦም ሰምቶ ኖሯል። መጥቶ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ቁጭ አለ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ!» አለ። «ማንም ቁጥሩን እንዳይለቅ!»

«አንተን ምን አገባህ?» አለች ጦጢት።

«ምንም! ብቻ በርቱ። የአህያዋ መንጋ በወሩ መጨረሻ ወደ ደጋው ይወጣል አሉ። እሷ መራመድ ካቃታት ብቻዋን ትቀራለች፤ ብቻዋን ከቀረች ደግሞ…» ምራቁን ዋጠ። «…እኔ አጫውታታለሁ።»

አህያዋ እያነከሰች ወደ እነሱ ተጠጋች። ጋሽ ሽመላ እንባዋን በክንፉ ጠረገላት።

«እስቲ አንቺ ተናገሪ ልጄ፣ ከየት እንጀምር?»

«እኔ ቁጥር አላውቅም ጋሼ። ግን ደህና ስሆን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ከምቆምበት ብትጀምሩልኝስ?»

ለጋሽ ሽመላ ዕድሜውን ሙሉ የቆጠረበትን መተው ቀላል አልነበረም። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀጥ ያለው ዜሮ ነው» አለ በመጨረሻ።

ጦጢት ደስ ብሏት አቀፈችው። «እንግዲህ የመገጣጠሚያዎቹንም ስም አብረን እናስተካክል። ጉልበትህን አሳየኝ።»

ጋሽ ሽመላ ወደ ኋላ የሚታጠፈውን የእግሩን መገጣጠሚያ አሳያት።

«እሱማ ቁርጭምጭሚትህ ነው! ጉልበትህ ከላይ ላባህ ውስጥ ተደብቋል።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን?» አለና ሳቀ፤ አህያዋም ሕመሟን ረስታ ሳቀች። ያን ቀን የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ ስም አንድ በአንድ እየነኩ ሲስማሙ ዋሉ።

እብጠቱ እንደ ጎደለ ማጠፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ጦጢት፣ አንድ ቀን ሽመላ፤ አንዱ ካቆመበት ቁጥር ሌላው ይቀጥላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አያ ጅቦ ሾላው ሥር ሆኖ በየቀኑ «ዛሬም አልተጣሉም?» ይላል።

መንጋው ወደ ደጋው ሲወጣ አህያዋ ትንሽ እያነከሰች ከመሃል ነበረች። አቀበቱ ላይ ዞር ብላ ወጌሾቿን አየቻቸውና አናፋች። ጦጢት ዓይኗን ጠረገች። አያ ጅቦም «እንደ እነዚህ ያለ ቶሎ የሚታረቅ አይቼ አላውቅም» እያለ ባዶ ሆዱን ይዞ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው አንድን ሕመምተኛ አብረው የሚረዱ አዋቂዎች ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው ልክ ቢሆኑም እንኳ፣ በአንድ ስምና በአንድ ቁጥር ካልተስማሙ ዕውቀታቸው ሊጎዳው እንደሚችል ነው።