ወጥ የፈሰሰበት ቦርሳ

አንዲት ቦርሳ ሠሪ ነበረች።

አባቷ ማኅደር ሰፊ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚገቡበትን የቆዳ ማኅደር ይሠራል። በዚያ አገር ቆዳ የሚነካ ሰው አይከበርም። ማኅደሩን እየተሳለሙ ይወስዱታል፤ የሰፋውን ሰው ግን ከደጅ ያቆሙታል። ልጅቱ ይህን እያየች አደገች። አልከፋትም ማለት አይደለም፤ ግን ከመከፋት ይልቅ መጠየቅ ይቀናት ነበር። ማኅደር ለምን በትከሻ ይንጠለጠላል? ክዳኑ ለምን ወደ ፊት ይታጠፋል? መጽሐፍ መያዝ ከቻለ ሌላ ነገር ለምን አይዝም? አባቷ አንዳንዱን ይመልስላታል፤ አንዳንዱን «ዝም ብለሽ ስፊ» ብሎ ያልፈዋል።

አባቷ ከሞተ በኋላ የተረፈውን ቆዳ ሰብስባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴት ቦርሳ ሰፋች። በዚያ ከተማ ሴቶች ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሩ፣ ዕቃቸውን በዘንቢል ይይዙ ነበርና ቦርሳው ብዙ ሰው አስገረመ። የዳኛው ሚስት ገዛችው። የዳኛው ሚስት ከገዛች ማን ይቀራል? ትናንት «የፋቂ ልጅ» ሲሏት የነበሩት ሴቶች ልጆቻቸውን እየላኩ ማዘዝ ጀመሩ። ቤት ተከራየች፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ቀጥራ አሠለጠነች። ስፌቷ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ፣ ቆዳዋ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው እየተባለ ስሟ ተጠራ።

ልጄ፣ ጥያቄሽን ዘንግቼ የቦርሳ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልሽ። ሰኞ ክፍል ገብተሽ እንድታስተምሪ ተመድበሻል፤ አንቺ ደግሞ «አንድ ዓመት ጨምሬ ልማር፣ እንከን የማይገኝብኝ ሆኜ ልግባ፣ ይህ ምን ክፋት አለው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የእምቢታውን ደብዳቤም ጽፈሽ ይዘሻል። እሺ፤ እስክጨርስ ድረስ ደብዳቤው እጅሽ ላይ ይቆይ።

ሴትየዋ ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሲሞላት አንድ ነገር ከነከናት። በእነዚያ ስድስት ዓመታት አንድም ቦርሳ ለጥገና ተመልሶ አያውቅም። ማንገቻው የተበጠሰ፣ ስፌቱ የተተረተረ፣ ዘለበቱ የወለቀ፣ አንድም የለም። ሠራተኞቿ በዚህ ይኮሩ ነበር። እሷም ትኮራ ነበር፤ ግን ኩራቷ ውስጥ የሆነ ነገር አልተመቻትም።

ከሱቋ አጠገብ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ራሱ ሰፍቶ የሸጠውን ጫማ ራሱ ሲጠግን ይውላል። አንድ ቀን፣ ሥራህ እየተበጠሰ የሚመለስብህ ስፌት ስለማትችል ነው ወይ ብላ ቀለደችበት። እሱም ቀና ሳይል፣

«እኔማ ጎበዝ ነኝ። ሰዉ ይሄድበታል እኮ» አላት።

ይህቺ ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አለች።

በዚያው ሰሞን ከትልቁ ከተማ አንድ ሀብታም ነጋዴ መጣ። ሦስት መቶ ቦርሳ እፈልጋለሁ አለ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ በአንዱም ላይ የጥፍር ምልክት እንኳ እንዳይታይ። በሁለት ሳምንት ተመልሼ ናሙናውን አያለሁ፣ ከወደድኩት በየዓመቱ አዛለሁ ብሎ ሄደ። ሠራተኞቹ እልል አሉ። የዚያ ሰው ትዕዛዝ ማለት የአሥራ ሁለት ቤት ኑሮ ማለት ነበር። አንዷ ልጇን ትምህርት ቤት ልታስገባ፣ አንዷ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ልትለውጥ ዕቅድ አወጡ።

እሷ ግን ቆዳው ላይ መቀስ ከማሳረፏ በፊት የድሮ ቦርሳዎቿ የት እንዳሉ ማየት አማራት። የሰው ቦርሳ ውስጥ ማየት ነውር ነውና ሰበብ ፈጠረች። «የዚያን ጊዜ ስፌቴ ጠፍቶብኝ ነው፤ አንዴ ልየውና ልመልስላችሁ» እያለች በየቤቱ ዞረች።

የዳኛው ሚስት ቦርሳውን ከሣጥን አወጣችላት። በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የብል መድኃኒት ተደርጎበት ነበር። ፌስታሉ ሲፈታ ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ታየ። ሁለተኛዋ ቤት ቦርሳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይገለጣል። ሦስተኛዋን መንገድ ላይ አገኘቻት። ይቺ እንኳ ይዛዋለች፤ ግን ቦርሳው ፌስታል ውስጥ ነው፣ ፌስታሉ ክንዷ ላይ ነው፣ ገንዘቧ እንደ ወትሮው መቀነቷ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል።

ለምን ብላ ስትጠይቅ የሁሉም መልስ አንድ ነበር፤ እንዳይጫር። አንዷን፣

«መቼ ልትይዢው ነው ታዲያ?» አለቻት።

«ልጄን ስድር።»

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት ሞላት፤ ተመስገን።»

እንዲህ እያለች ሃያ ያህል ቤት ዞረች። ቦርሳው በሁሉም ቤት ነበረ፣ ተከብሮም ነበር፤ የሚይዘው ግን አልነበረም። ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ ከበዳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ኖርኩ ብላ አሰበች።

በማግስቱ ገበያው ዳር አንዲት ሴት ወዲያ እየተጣደፈች ስታልፍ አየች። ትከሻዋ ላይ ያለው ቦርሳ ማንገቻው በገመድ ተቀጥሏል፤ ቆዳው በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ፊቱ ላይ መዳፍ የሚያህል የቅባት ነጠብጣብ አለበት። ስፌቱን ባታውቀው ኖሮ የሷ ሥራ አይመስላትም ነበር። ሴትየዋ አዋላጅ ነበረች። ቦርሳ ሠሪዋ ተከትላ ደረሰችባትና ሰላምታ ሰጠቻት።

«እትዬ፣ ይሄ ቦርሳ የኔ ሥራ ነው መሰለኝ።»

«ያንቺ ነበረ» አለች አዋላጇ ሳትቆም፤ «አሁን የኔ ነው። ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀችኝ ነውና ወሬ ካለሽ እየሄድሽ አውሪኝ።»

እየሄዱ አወሩ። ቦርሳው የእህቷ ልጅ የሠርግ ስጦታ ኖሯል። የሠርጉ ዕለት አሳላፊው ሲቸኩል የዶሮ ወጥ ደፋበት። ሙሽራዋ አለቀሰች፤ ቅባቱ እንደማይለቅ ሲታወቅም ለአክስቷ ሰጠቻት። አዋላጇ ይህን ስትናገር ሳቀች።

«ወጥ ባይፈስበት ለኔ ማን ይሰጠኝ ነበር? ቢሰጡኝስ ደፍሬ እይዘው ነበር? እኔም እንደሰዉ ሣጥን ውስጥ እቆልፍበት ነበር እንጂ።»

ቦርሳ ሠሪዋ ቦርሳው ተመችቷት እንደሆነ ጠየቀቻት። አዋላጇ እዚያው መንገድ ላይ ቆም አለች፤ ጠያቂ አግኝታ አታውቅም ነበርና። ዘለበቱ በሁለት እጅ ካልሆነ አይከፈትም፤ በአንድ እጄ ሕፃን ይዤ እንዴት ልክፈተው አለች። አፉ ጠባብ ነው፤ መቀሴን ሳወጣ ሳሙናዬ ይወድቃል። ማንገቻው ቀጭን ነው፤ እይው አለችና ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ያሰመረውን ምልክት አሳየቻት።

«ስፌቱ ግን ስፌት ነው» አለች በመጨረሻ፤ የከፋት እንደሆነ ብላ።

ቦርሳ ሠሪዋ ግን አልከፋትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠይቀው ለነበረው ጥያቄ መልስ ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቤቷ ገብታ አዲስ ቦርሳ ቆረጠች። አፉን አሰፋች፣ ማንገቻውን አደላደለች፣ ዘለበቱን በአንድ አውራ ጣት የሚከፈት አደረገች። ሠራተኞቿ ሲያዩት ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይበልጣል አሉ። እውነትም ይበልጥ ነበር።

ነጋዴው በቀኑ መጣ። ቦርሳውን አገላብጦ አየና ወደደው። ዘለበቱን ደጋግሞ ከፈተ፣ ደጋግሞ ዘጋ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ነጋዴው ከሻንጣው ነጭ ወረቀት አወጣና ቦርሳውን እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ መጠቅለል ጀመረ። ሦስት መቶውም እንዲህ ተጠቅልሎ በካርቶን ይግባልኝ አለ።

ሴትየዋ ወረቀቱን አየች። የዳኛው ሚስት ሣጥን፣ ሻጋታው፣ የአራት ዓመቷ ልጅ ሠርግ ታዩዋት። አንዴ ልየው ብላ ቦርሳውን ከእጁ ተቀበለች፤ ወረቀቱን ገፈፈችው፤ ከጠረጴዛው ላይ ወስፌ አነሣችና ፊቱ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ፣ ጣት የምታህል ጭረት ጫረችበት።

ነጋዴው ያበደች መሰለው።

«ሦስት መቶውንም እንዲህ ልታደርጊልኝ ነው?» አላት።

«አዎ» አለችው። «የፈሩት ነገር ከደረሰ በኋላ ይይዙታል።»

እሱም ሰው የሚገዛው አዲስነቱን እኮ ነው አላት። ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ሻንጣው መለሰና ሄደ። ደግሞም አልተመለሰም።

ከሠራተኞቹ ትልቋ መቀሷን አስቀመጠች። «እትዬ፣ እኛንም አብረሽ ጫርሽን» አለቻት። ይህ ነገር እውነት ስለነበረ ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። በዚያው ወር አምስቱ ጥለዋት ሄዱ። ጣሪያው ሳይለወጥ ክረምት ገባ። ይህን የምነግርሽ መጫር ዋጋ አያስከፍልም ብለሽ እንዳታስቢ ነው፤ ያስከፍላል።

ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ቦርሳ ስትሸጥ በገዢዋ ፊት አንድ ጊዜ ትጭረዋለች። አንዳንዷ ጮኻ ከእጇ ትነጥቃለች፤ አንዳንዷ ተሳድባ ትሄዳለች። «ቧጫሪዋ» የሚል ስም ወጣላት። የወሰዱት ግን እዚያው ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ወጡ፤ ከእንግዲህ ምን ይጠብቁለታል? እጅ ሲያሸው፣ ፀሐይ ሲመታው፣ ጭረቱ ከቆዳው ቀለም ጋር እየተዋሃደ ሄደና የት እንደነበረ መለየት አስቸገረ።

በሦስተኛው ወር አንዲት ሴት ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ ይዛ እየተቆጣች ገባች። ቦርሳ ሠሪዋ የያዘችውን ሥራ ጥላ ተነሣች፤ የናፈቃት ዘመድ የመጣ ያህል ወንበር አቀረበችላት። ምን ይዘሽበት ነው የተበጠሰው ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ አፈረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለት ዶሮ» አለች። ቦርሳ ሠሪዋ እስክትጠግብ ሳቀች፤ ከዚያ ዶሮዎቹ በሕይወት ነበሩ ወይስ ታርደው፣ ክብደቱ ወዴት ያጋድል ነበር፣ የትኛው ስፌት ቀድሞ ተለቀቀ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ቀጥሎ የሰፋችው ማንገቻ ሁለት ዶሮ ይችል ነበር።

ስንት ዓመት እንደፈጀ አላውቅም። ግን በዚያ አገር ሥራ ያላቸው ሴቶች ሁሉ፣ አዋላጇም፣ ነጋዴዋም፣ ጸሐፊዋም፣ የሷን ቦርሳ የሚይዙበት ጊዜ መጣ። ጥለዋት ከሄዱት አምስት ሦስቱ ተመለሱ። ሁለቱ አልተመለሱም።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ያቺ ቦርሳ ነሽ። ሰፍተውሻል፣ ጥሩ አድርገው ሰፍተውሻል፤ እኔም ከሰፊዎችሽ አንዱ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አሁን አንድ ዓመት ጨምረሽ ሣጥን ውስጥ ልግባ እያልሽ ነው። እዚያ ውስጥ አትጫሪም፤ እውነትሽን ነው። ግን አፍሽ ጠባብ ይሁን ሰፊ፣ ማንገቻሽ የማንን ትከሻ እንደሚቆርጥ፣ እዚያ ውስጥ ሆነሽ ማን ይነግርሻል? እኔ አልነግርሽም፤ እኔም አላውቀውምና። የሚያውቁት ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚጠብቁሽ ልጆች ናቸው።

ትሳሳቻለሽ። እኔ በመጀመሪያው ቀኔ የሌላ መምህር ክፍል ገብቼ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ወጥቻለሁ። ልጆቹ ሊስቁብኝ ሲሉ አንዷ እጇን አወጣችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። ያን ዕለት ማታ ፈልጌ ያገኘሁትን ያህል በትምህርት ቤት አራት ዓመት አልተማርኩም።

ስለዚህ ሂጂ። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ለማወቅ ግን ቸኩያለሁ። ሰኞ ከክፍል ስትወጪ በዚህ በኩል እለፊና ንገሪኝ።