በሩን ለሌላው የሚከፍተው ሹፌር

አንድ ሰው ነበረ። በሰሜን እንግሊዝ በምትገኝ አንዲት ከተማ የሕዝብ አውቶቡስ ይነዳል። ስሙን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ታሪኩን ትታችሁ ዘመዶቹን ማጠያየቅ ትጀምራላችሁ።

ይህ ሰው ለዜግነት የሚሰጠውን ፈተና ተፈትኖ ሃያ አራቱንም ጥያቄ የመለሰ ነው። ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አዲስ መጤዎችን ያስተምር ጀመር። «ንጉሡ ይነግሣል እንጂ አይገዛም» ይላቸዋል። «ሕግ የሚወጣው በፓርላማ ነው። አገሩ በስድስት መቶ ሃምሳ የምርጫ ክልል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክልል አንድ ተወካይ ይልካል። ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል፤ መሪውም ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። ተወካዩ ደግሞ የመረጠውም ያልመረጠውም ሰው ተወካይ ነው።» ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት አይስትም።

ይህ ሊቅ ግን አንድ ችግር ነበረበት። ሚስቱ ፋናዬ ናዝሬት ነበረች። ወደ እሱ ለመምጣት ቪዛ ካመለከተች አሥራ አራት ወር አልፏል። እሺም የለም፣ እምቢም የለም። አንድ ቀን ደውላ፣ «እኔ እንግዲህ ያገባሁት ስልክ ነው? እስከ ፋሲካ ካልሆነ ተወው፣ ደክሞኛል» አለችው። ትዳሩ ከእጁ እየወጣ ነበር።

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ለንጉሡ ጻፈ።

አትሳቁ። የእኛ ሰው አቤት ማለት የለመደው ወደ ላይ ነው። አያቶቻችን የንጉሥ ደጅ ሲጠኑ የኖሩ ናቸው። ከቤተ መንግሥት መልስ መጣለት፤ ትሕትና የሞላበት፣ የጸሐፊ ፊርማ ያለበት። ንጉሡ በእንዲህ ያለ ጉዳይ በሕግ ጣልቃ እንደማይገቡ ይገልጻል። እሱ ራሱ ሲያስተምረው የኖረውን ነው የነገሩት! ደብዳቤውን በፍሬም አድርጎ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ፋናዬ ግን አሁንም ናዝሬት ናት።

አሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ። የሚነዳው አውቶቡስ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ይቆማል። አርብ አርብ የዚያ ክልል የፓርላማ ተወካይ፣ ወይዘሮ ብራድሾ የሚባሉ ሴት፣ እዚያ ጠረጴዛ ይዘው የሕዝቡን ችግር ይሰማሉ። ወረቀታቸውን በብብታቸው የያዙ ሰዎች በእሱ አውቶቡስ ይሄዳሉ። ያቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ያወርዳቸዋል። ይዘጋል፣ ይሄዳል። በሚቀጥለው አርብም ያቆማል፣ ይከፍታል፣ ያወርዳል። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አልወረደም።

ለምን? አያውቅም ነበር? ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ አገር ዕጩዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ድምፅ ይለምናሉ። ከምርጫው በፊት ወይዘሮ ብራድሾ በዝናብ መጥተው የእሱን በር አንኳኩ። እሱ የተፎካካሪያቸው ደጋፊ ነበርና፣ «ድምፄ ለሌላ ነው» ብሎ፣ ቃላቸውን ሳይጨርሱ በሩን ዘጋባቸው። እሳቸውም አሸነፉ። ታዲያ አሁን በምን ፊቱ ይሂድ? ሹም የሚረዳው የራሱን ወገን ነው፤ ቂምም ይይዛል። በአፉ ሌላ ያስተምራል፣ በልቡ ግን የሚያምነው ይህንን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቹ በዕድሜ ትልቋ፣ እማማ ደብሪቱ፣ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ተወካያችን የመረጣትም ያልመረጣትም ሰው ተወካይ ናት ብለህ አስተምረኸናል።»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ስለ ሚስትህ ምን አለችህ?»

እንዳልሄደ ነገራቸው። እማማ ደብሪቱም ደብተራቸውን እየዘጉ፣ «እንግዲያው አንተ የማታምነውን ነው እኛን የምታስጠናን» አሉት።

በሚቀጥለው አርብ ፈቃድ ወስዶ በዚያው አውቶቡስ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ሄደ። ባልደረባው በሩን ከፈተለት። ወረደ። ወይዘሮ ብራድሾ ፊት ሲቀርብ ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ይህ ከአፉ ወጣ፦ «እኔ አልመረጥኩዎትም። በዝናብ ሲመጡ በሩን የዘጋሁብዎትም እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ብዕራቸውን አነሡ። «ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኩም» አሉት። «የት እንደሚኖሩ ብቻ ይንገሩኝ።»

አድራሻውን መዘገቡ። ቪዛ የመስጠት ሥልጣን የላቸውም፤ ግን የቪዛ ጉዳይ ለሚመለከተው ሚኒስትር ጻፉ። ሚኒስትር ደግሞ ለፓርላማ አባል መልስ መስጠት አለበት። ተዘንግቶ የቆየው ፋይል ተፈልጎ ተገኘ። ፋናዬ ለሆሳዕና ገባች። ሳሎኑን ዞር ብላ አይታ መጀመሪያ ያደረገችው ያንን በፍሬም ያለ ደብዳቤ ማውረድ ነው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ስንት ዓመት ሙሉ መልሱን አውቃችኋል? ጌታ ይቅር ባይ ነው ብላችሁ ለስንት ሰው መሰከራችሁ? የራሳችሁን ነገር ግን በብብታችሁ እንደያዛችሁ ታልፋላችሁ። «በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ፣ በምን ፊቴ?» ትላላችሁ። እኔም ከእናንተ አልሻልም። እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ ሌላውን እያወረድኩ እኔ እንደዚያ ሹፌር መሪዬን ጨብጬ የተቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ያሳፍረኛል።

ነገር ግን አንድ ነገር በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ። የዚያ አገር ንጉሥ አይገዛም፤ ተወካይዋም ደብዳቤ ከመጻፍ በላይ አትችልም። የእኛ ንጉሥ ግን ይገዛል፤ ይቅር ለማለትም የማንንም ፊርማ አይጠብቅም። ትናንት ከማን ጋር እንደቆማችሁ ሊጠይቃችሁ አልተቀመጠም። በራችሁን በዘጋችሁበት ቀን እንኳ ያንኳኳው በፍቅር ነበር።

እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። ዛሬ ለሌላ ሰው አይደለም። ውረዱ።