በክንድ የተለካች ልጅ

አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ አስካለ የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለደች በሁለተኛው ወር፣ ሩቅ አገር ገበያ ደርቷል ሲባል ሰምቶ በቅሎውን ጫነ። ከመውጣቱ በፊት ሕፃኗን ክንዱ ላይ አጋደማት። ጭንቅላቷ መዳፉ ላይ፣ እግሯ ክርኑ ላይ ሆነ። «አየሽ አስካለ፣ ልኳን ይዣለሁ። እንግዲህ ልጄ ልብስ አይቸግራትም» ብሏት ሄደ።

መቼም ሰውየው ቃሉን አክባሪ ነው፤ በዚህ አይታማም። በደረሰበት ገበያ ሁሉ ልብስ ሰፊ ይፈልግና ክንዱን ዘርግቶ «በዚህ ልክ ስፋልኝ፤ ጨርቁ ምርጥ ይሁን» ይላል። ወደ አገሩ ለሚመለስ ነጋዴ ሁሉ ጥቅል ያስይዛል። አንዱ ሰፊ ታዲያ ደፍሮ «ጌታዬ፣ አምናም በዚሁ ልክ ነው ያሰፉት። ልጅቷ አላደገችም እንዴ?» ቢለው፣ «የገዛ ልጄን ልክ አንተ ልትነግረኝ ነው? ዝም ብለህ ስፋ!» ብሎ ኩም አደረገው። አስካለ «ልጅቷ ዳኸች» ብላ ላከችበት፤ «እሰይ!» አለ። «ቆማ ሄደች» ብላ ላከችበት፤ «እሰይ፣ እሰይ!» አለ። ከዚያስ? ከዚያማ ያንኑ ክንዱን ዘረጋ! እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዓመታት አልፈው ነጋዴው ተመለሰ። ደጃፉ ላይ አንዲት ልጅ ትጫወታለች። ቀሚሷ አርጅቷል፣ እጅጌው አጥሯል፣ ጫፉ በሌላ ጨርቅ ተቀጥሏል። የጎረቤት ልጅ መስላው አልፏት ሊገባ ሲል አስካለ ወጣችና «ትርፌ፣ አባትሽ መጣ!» አለች።

ሰውየው ክው አለ። «ይቺ? ይቺ ናት ልጄ?» ድንጋጤው ወዲያው ቁጣ ሆነ። «ያን ሁሉ ሐር፣ ያን ሁሉ ጥልፍ ልኬ፣ ልጄን ቡትቶ ታለብሻታለሽ? ሸጠሽ በላሽው አይደል? ዛሬውኑ ሽማግሌ ይጠራ፤ ካንቺ ጋር አልኖርም!»

 አስካለ እጁን ይዛ ጓዳ አስገባችውና የልጅቷን የልብስ ሣጥን ከፈተችው። ሣጥኑን በሳንቃ ከፋፍላዋለች፤ አንዱ ለአራስነቷ፣ አንዱ ለምትድህበት፣ አንዱ ለምትቆምበት፣ አንዱ ለምትሮጥበት ጊዜ ነው። የአራስነቷ ክፍል በሐርና በጥልፍ ተጠቅጥቋል። በሌሎቹ ክፍሎች ያለው ግን እሷ ከገዛ ቀሚሷ ቆርጣ የሰፋችው እራፊ ብቻ ነው።

«ለመንደሩ አራስ ሁሉ ሰጥቼ የተረፈው ይሄ ነው» አለችው። «ጥቅልህ በመጣ ቁጥር ይሄስ ለሚቀጥለው ክፍል ይሆናል ብዬ እፈታለሁ። አንድም ቀን አልሆነም። አደገች ብዬ ስልክብህ እሰይ አልክ እንጂ፣ ምን አከለች ብለህ መቼ ጠየቅህ?»

 ነጋዴው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠና «ነይ እስቲ፣ ትርፌ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጅቷ የጨርቅ አሻንጉሊቷን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። አሻንጉሊቷ አባቷ ከላከው ጥቅል የወጣ ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፤ ልክክ ብሎላታል። ትርፌ ቀስ ብላ ተጠጋችና አሻንጉሊቷን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ» አለችው። «ሁልጊዜ ልብስ የምትልከው ለእሷ ነው። እሷን በጣም ትወዳታለህ። እኔን ግን አታውቀኝም።»

ነጋዴው አሻንጉሊቷን እንደያዘ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በሬው እንደታረደበት ገበሬ ሳይሆን፣ ልጁን በሕይወት እያለች እንዳጣት ሰው ነው ያለቀሰው።

ወዳጆቼ፣ ይህን ስሰማ እኔም ደንግጫለሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ስስታምም አይደለም። የለፋው ግን ያኔ ለተዋት ሕፃን ነው፤ እየኖረች ላለችው ልጅ ምንም አልደረሳትም። ፍቅር መስጠት ብቻ ሳይሆን መጠየቅም ነው። የምንወደው ሰው ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ካልጠየቅን ስጦታችን ሌላ ቤት ያድራል። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ልጃችሁን፣ ሚስታችሁን፣ እናታችሁን «አሁን እንዴት ነሽ? ምን ይጎድልሻል?» ብላችሁ መልሱን ቁጭ ብላችሁ የሰማችሁት መቼ ነው?