የጥላዬ ነጭ ወለል

እኛ ሰፈር ሰው አዲስ ነገር ገዝቶ "እዩልኝ፣ እዩልኝ" ሲያበዛ የሚባል አንድ አባባል አለ። ሰሞኑን አንድ ወጣት ለጓደኞቹ "ከመንዝ የወረደ የጥንት ተረት ነው" እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት። ጥንት! የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው የተወለደው፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በብርድ ልብስ ነጋዴው በጥላዬ ሳሎን ውስጥ። ሲወለድ እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ክርኔ ላይ ጠባሳው አለ።

ጥላዬ አብሮ አደጌ ስለሆነ ባማው አይቀየመኝም። ቢቀየምም ይለምደዋል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሲያዩለት ይወዳል። ቤቱን ሠርቶ ሲጨርስ ወለሉን ፖርሴሊን ሊያስነጥፍ አሰበና ግዛው የሚባለውን ሴራሚክ ለጣፊ ይዞ ወደ ሱቅ ሄደ። ግዛው ወሬ የማያበዛ፣ ሥራው ግን የሚናገርለት ልጅ ነው። የጥላዬ ልጅ እቴነሽም ቀለም ትምረጥ ተብላ አብራ ሄደች፤ የሱቁን ጉድ በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት።

ግዛው ሁለት ናሙና አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። አንዱ ነጭ ነው፣ ፊት የሚያሳይ። ሌላው ግራጫ፣ ፊቱ ሻከር ያለ። ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፈሰሰባቸውና ቀና አለ።

"ጋሽ ጥላዬ፣ ጫማዎን ያውልቁና ይርገጧቸው።"

"ምን አልክ?"

"ወለል እንዲህ ነው የሚመረጠው። ሲደርቅማ ሁሉም ጥሩ ነው። ይሄ ግራጫው በጥንካሬ ከነጩ አያንስም፤ ውሃ አይጠጣም፣ ቆሻሻ አያሳይም፣ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ካበሱት ይበቃዋል። ነጩ ግን የዝንብ ዱካ ሳይቀር ያሳይብዎታል። ውሃ ከነካው ደግሞ እግር አይይዝም።"

ጥላዬ ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ልጅ፣ ግራጫ ካማረኝ አስፋልቱ ከደጄ አለልኝ አይደል እንዴ! በእግሬ የምመርጠው ዓይኔ ምን ሆኖ ነው?"

እቴነሽ ግን ጫማዋን አውልቃ ሁለቱንም ረገጠቻቸው። "አባዬ፣ ግራጫው ይይዛል። ነጩ ይወስዳል" አለች።

"አንቺ ደግሞ! ጫማሽን አድርጊ፣ ሰው እያየን ነው።"

ነጩ ተገዛ። ግዛው ቢቸግረው "እሺ፣ በሩ አካባቢ እንኳ ሻካራውን ልሥራልዎት" ብሎ ለመነ። "ቤቴን ድሪቶ ልታደርግብኝ ነው?" አለው ጥላዬ። ልጁ እንደታዘዘው አነጠፈው።

እውነቱን እንናገር ካልን ወለሉ አምሮ ነበር። ግን ቤቱ ሰላም አጣ። የጥላዬ ሚስት አሰገደች ጧት ማታ መወልወል ሆነ ሥራዋ። እሷ ወልውላ ቀና ሳትል አንድ ሰው ይገባል፣ ዱካው ይቀራል፣ እንደገና ታጎነብሳለች። ምንጣፍ ብትዘረጋ ጥላዬ ጠቅልሎ ጓዳ ከተተው። "ይሄን ሁሉ ያስነጠፍኩት ልትሸፍኚብኝ ነው?" አላት። ምስኪን፣ በገዛ ቤቷ ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች።

ወለሉ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ነበር። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ግዛውና እቴነሽ ተግባብተዋል። እንዴት እንደተግባቡ እኔ አላየሁም፤ አልጠየቅሁምም። ሐምሌ ላይ ግዛው እቤቴ መጥቶ "ጋሽ ተሰማ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ" አለኝ። ሦስት ሆንን፤ ጡረታ የወጣው መምህር እንግዳወርቅ፣ የዕድራችን ዳኛ ወልደየስና እኔ።

ከመሄዳችን በፊት እቴነሽ ገበያ መንገድ ላይ ጠብቃ አገኘችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ጋሽ ተሰማ፣ አባዬን ያውቁታል። ሽማግሌ ፊት አንዴ 'አልሰጥም' ካለ፣ ቢቆጨው እንኳ ቃሉን አይመልስም። ያን ቃል ከአፉ ካወጣው እኔ አለቀልኝ። እንደምንም ብለው አያስጨርሱት!"

የሰውን አፍ እንዴት አድርጌ ልያዝ? "አይዞሽ" አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ዝናቡ ያወርደዋል። ጥላዬ ምን ይዘን እንደመጣን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ወለሉን ሁለት ጊዜ በሳሙና አሳጥቦ ጠበቀን። የቤቱን ክብር አይተን አፍረን እንድንመለስ ነው። እኛም ጋቢያችን ውሃ እያንጠባጠበ ገባን።

"ኖር! ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ!"

"አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን" አለ እንግዳወርቅ።

መቼም ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ከተቀመጠ ነገሩ እሺ ተባለ ማለት ነው። ጥላዬ ይህን ሥርዓት አሳምሮ ያውቃል፤ እያወቀ እሱ ሶፋው ላይ ዘና ብሎ እኛን አቆመን። እግዜር ይይለት፣ ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩበት።

እንግዳወርቅ የግዛውን ዘር እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ጀመረ፣ ዝምድና እንደሌለ እንዲታወቅ። መምህር አይደል፣ እያንዳንዱን አያት ከነሙያው ነው የሚያስተዋውቀው። አራተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ቀኝ እግሬ ሳላዘው መሄድ ጀመረ። የወልደየስን ክንድ ያዝኩ። ለካ እሱም እኔን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ ኖሯል።

ሰባተኛው ቤት እንዳለቀ ጥላዬ ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። ጫማው አዲስ ነው፣ የቆዳ ሶል።

"እንግዲህ አክብራችሁ መጥታችኋል፤ እግዜር ያክብርልኝ። ነገር ግን እኔ ጥላዬ ልጄን ለሴራሚክ ለጣፊ..." አለና በሩን ሊያሳየን እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ተራመደ።

የረገጠው ከጋቢያችን የወረደውን ውሃ ነው። ሁለቱም እግሮቹ ባንድ ላይ ወደ ላይ ተነሡ፤ በወገቡ ወረደ። ድምፁ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

"ወይኔ ወገቤን!"

ልናነሣው ስንሮጥ ወልደየስ ወደቀ፤ እኔም ተከትዬው ወደቅሁ፣ በክርኔ። እንግዳወርቅ ብልህ ነው፤ መውደቁ እንደማይቀር ሲያውቅ በገዛ ፈቃዱ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

ጥላዬ በጀርባው እንደተንጋለለ አንገቱን አዙሮ አየን። ያ ሁሉ ሕመም ሥርዓቱን አላስረሳውም።

"ተቀመጣችሁ እንዴ?"

"ምን እናድርግ? ወለልህ አስቀመጠን" አለው እንግዳወርቅ።

"እኔ እኮ ገና አል..."

"ዝም በል! አትናገር፣ ወገብህን ያምሃል!" ብዬ ጮህኩበት። ለወገቡ ብቻ አስቤ አይደለም፤ እቴነሽ ከጓዳው በር ላይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

አሰገደች "ኧረ የሰው ያለህ!" ስትል ግዛው ከማዶ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልሎ ይጠብቅ ነበርና ሮጦ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። አራታችንንም አየን፣ ወለሉን አየ፣ ተመልሶ ወጣ። ሸሸ ብዬ ልረግመው ነበር። ለካ ከጓሮው ዕቃ ቤት ከሥራው የተረፉትን ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች ሊያመጣ ነው የሄደው። ከደጃፉ እስከ ጥላዬ ድረስ አንድ በአንድ ዘረጋቸውና በላያቸው ተራምዶ መጣ።

"ጋሽ ጥላዬ፣ አንገቴን ይያዙ።"

ጥላዬ ያንን የለጣፊ አንገት ጥብቅ አድርጎ አቀፈ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ "አንተ ልጅ፣ ይሄስ አይንሸራተትም?" ብሎ በቀጭን ድምፅ ጠየቀው።

"አይንሸራተትም። ሻካራ ነው።"

በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድነው። አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለና ስድስት ሳምንት ተኛ። አሰገደች በዚያው ቀን ምንጣፉን ከጓዳ አውጥታ ዘረጋች፤ የተቃወማት የለም። ግዛው ስለ ጋብቻው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሁልጊዜ ጧት እየመጣ በሽተኛውን ደግፎ ፀሐይ ያወጣው ነበር።

መስከረም እንደጠባ ጥላዬ ራሱ ላከብን። ሦስታችንም ሄደን ምንጣፉ ላይ ቆምን። ከዘራውን ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከእግሩ ሥር ሁለት ናሙና አለ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ግራጫ። ሁለቱም ውሃ ፈስሶባቸዋል። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠንም። ካልሲውን አወለቀና ነጩን ነካ አድርጎ ቶሎ እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ ግራጫውን ረገጠ፤ ከዘራውን ተመርኩዞ ቀስ ብሎ ቆመበት።

"ይይዛል" አለ።

እቴነሽ በሩን ተደግፋ አባቷን ታያለች።

"ለመሆኑ" አለ ጥላዬ ወደ እኛ ሳያይ፣ "ያን ዕለት ቃሌን ጨርሼው ነበር?"

"አልጨረስከውም!" አልን ሦስታችንም ባንድ ድምፅ።

"እንግዲያው ተቀመጡ።"

ተቀመጥን። አሰገደች እልልታዋን ስታቀልጠው እቴነሽ እየሮጠች መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያ እዚያው አቀርቅራ አለቀሰች። ጥላዬ ራሷን እየዳበሰ፣ በሌላ እጁ ወገቡን እያሸ ተከዘ።

"እኔን ግን የሚያንገበግበኝ" አለ፣ "ያኔ ሱቁ ውስጥ ጫማዬን ባወልቅ ኖሮ ምን እሆን ነበር?"

እንግዳወርቅ ከምንጣፉ ጫፍ ባሻገር የሚያብረቀርቀውን ነጭ ወለል አየና፣ "ምን ታደርገዋለህ ጥላዬ፣ ዓይን ይመርጣል፣ ወገብ ይከፍላል" አለው።